በጓድ ዳምጤ ወጥ ውስጥ የተገኘው ፀጉር

ልያ ምሳ ስታደርስ የረሳችውን ደብተር ልትወስድ ስትመለስ የመጋዘኑ ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልታንኳኳ እጇን አነሳችና ቀረች። የቡና መጋዘኑ ኃላፊ ጓድ ዳምጤ ወጡን ከግማሽ በላይ በልቶታል። ከጎፈሬው ላይ አንድ ፀጉር ነጨ፤ ቀይ ወጡ ላይ ጣለው፤ በጣቱ ወደ ታች አሰመጠውና ጣቱን ላሰ።

ቀና ሲል በሩ ላይ አያት።

«ጥሩ መጣሽ! ይሄ ምንድነው? የእናትሽ ፀጉር አይደለም? ሌላ ትላክ! ሥጋውም በዛ ይበል። አለዚያ ሰባቱም ሠራተኞች ምሳቸውን ሌላ ጋ ያዛሉ።»

ሰባቱን ደንበኞች ለእናቷ ያመጣላት እሱ ነበር።

ልያ እናቷ የምትሸጠውን ምሳ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ማመላለስ ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። ሰውን የምታውቀው በሚመልሰው ዕቃ ነው። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሸምሰዲን የሽሮ ዕቃውን አጥበው «ገላቶሚ፣ ኢንተላኮ» ብለው በኦሮምኛ እያመሰገኑ፣ ልጄ እያሏት ይመልሳሉ። ጓድ ዳምጤ ትርፍራፊው ውስጥ ሲጋራውን ያጠፋል፤ ያኘከውን ጫት ይተፋበታል። እሷ ያንን በየቀኑ በአመድ ትፈገፍጋለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ተስፋነሽ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ጥብቅ አድርጋ እንዳሰረች ነበረች።

«እማዬ፣ ራሱ ነው የከተተው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ። ባለፈው ደግሞ ዝንብ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰባት ሰው ነው፣ ልጄ። አድርሺለት።»

ለልጆቹ ምሳ ካስቀመጠችው ድስት ጨለፈች። ትንሹ ወንድሟ አልዓዛር ጭልፋዋን በዓይኑ ተከተለ።

መንገድ ላይ ልያ አጥር ጥግ ቆማ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች። ምራቋን በአፏ ሞላችው። ማንም አያያትም። ጎንበስ ስትል ጓድ ዳምጤ ጣቱን ሲልስ ታያት። ምራቋን ዋጠችው፤ የገዛ አፏ አስጠላት። ክዳኑን ገጠመች።

ቢሮው ስትደርስ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ውጭ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ቀና አሉ። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

«ምን ያስቆምሻል? ሂጂ እንጂ!»

«ሲጨርሱ ዕቃውን ልወስድ ነው።»

«ውጭ ጠብቂ።»

«እዚህ ይሻላል» አለች። «ፀጉር ከተገኘበት አብረን እናየዋለን።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን ማፈን አቃታት። ጓድ ዳምጤ በሩን አየ፤ ልያን አየ። እጁ ወደ ጎፈሬው ተነስቶ መሐል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወደ እንጀራው ወረደ።

«ምን አድርገሽበታል?»

«ምንም። ይብሉ።»

ጎረሰ። ወጡ በአገጩ ወረደ፤ እያላመጠ በጎን ያያታል። የትምህርት ቤቷ የከሰዓት ፈረቃ ደወል ከሩቅ ተሰማ፤ ዛሬ ማርፈዷ ነው። የተረሳውን ደብተሯን ከወንበሩ ላይ አንስታ በደረቷ አቀፈችው፤ በሩን ተደግፋ እያንዳንዱን ጉርሻ ስታይ ቆየች።