የተነፋችው ኳስ

«የሀገር አቀፍ ራግቢ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ብቸኛ ኳሱ በዛሬው ዕለት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተሳካ ሁኔታ መነፋቷን ለመላው የስፖርት ቤተሰብ በታላቅ ደስታ ያበስራል።»

ኢንስፔክተር በየነች ማስታወቂያውን ለአራተኛ ጊዜ አነበበችው። ፊርማ አለው። ክብ ማኅተምም አለው፤ ሐምራዊ ቀለሙ ፈሶ እስከ ወረቀቱ ግርጌ ወርዷል። የፈረሙት ዋና ጸሐፊ አቶ ዓለምሰገድ ግን ደጅ ከቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ አምስት እርምጃ በማይርቀው ቢሮ ውስጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ሞተው ተገኝተዋል። የተመቱት በሻምፒዮናው ዋንጫ ነው። ሻምፒዮናው አንድም ጊዜ ተካሂዶ ስለማያውቅ ዋንጫው ሥራ ላይ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ኅብረቱ አሥራ አምስት ሥራ አስፈጻሚ፣ ስድስት ንዑስ ኮሚቴና አንድ ቡድን አለው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሚዛን ከተማ የሆነው ፕሬዚዳንቱ የሚዛን ሰው ስለሆኑ ነው።

በየነች ሟች ስንት ሰዓት ላይ እንደሞቱ ሐኪሙን ብትጠይቅ «ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» አላት። ደብዳቤ ይዛ ብትመለስ «ቁጥር የለውም» አላት። እሷ ስትመላለስ አለቃዋ የቴፒውን አሠልጣኝ ሀምዳንን አስሮ ጨርሷል።

«ሟች ሦስት ሰዓት ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ሀምዳን አራት ሰዓት ላይ ከቴፒ ገባ። የቢሮ ቁልፍ አለው፤ ባለፈው ሳምንትም ተጣልተዋል። ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት በስልክ።

የኅብረቱ ብቸኛ ቡድን የሆኑት የቴፒ ልጃገረዶች፣ አባል ካልሆነ ቡድን ጋር ለሚያደርጉት የመጀመሪያ ግጥሚያቸው ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ ጅማ ይሳፈራሉ። አሠልጣኝ ያልያዘ ቡድን አይመዘገብም።

ሀምዳን ፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጎብጦ ተቀምጧል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በመርፌ።»

«የምን መርፌ?»

«የኳስ መንፊያዋ ጫፍ ላይ የምትገባዋ። ያለሷ አየር አይገባም። በኅብረቱ ያለችው አንድ ናት። እሷን ለማውጣት የንብረት ወጪ ቅጹ ሞዴል 22 ተሞልቶ፣ ጋሽ ዓለምሰገድ ፈርመው፣ ንብረት የሚይዙት ወይዘሮ ዘይቱና አስረክበውኝ፣ ማክሰኞ ቴፒ ወሰድኳት።»

«ራግቢ ኳሷ እዚህ አይደለች እንዴ?»

«ንብረት ናት፤ ከቢሮ አትወጣም። እኛ ራግቢን የምንለማመደው በእግር ኳስ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ረቡዕ የት ዋልክ?»

«እስኪመሽ ከልጆቹ ጋር፤ ከቡና ማድረቂያው አጠገብ። አሥራ ስምንቱንም ጠይቂ።»

ሬሳውን ያገኙት ወይዘሮ ዘይቱና ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህርት።

«ኅብረቱን ማን መሠረተው?» አለቻቸው።

«የኅብረቱን መጽሔት ካመንሽ ፕሬዚዳንቱ። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ካመንሽ ደግሞ እኔና ስድስት ተማሪዎቼ፤ እሳቸው የመጡት በአራተኛው ዓመት ነው። ዓለምሰገድ ቃለ ጉባኤውን ከአሮጌ ፋይል ውስጥ አግኝቶት ነበር። ቅዳሜ ለጠቅላላ ጉባኤ ሊያነበው ነበር።»

«አሁን የት አለ?»

«ፋይሉ አለ፤ ወረቀቱ የለም።»

ፕሬዚዳንቱ አቶ ኃይለሚካኤል ከቴፒ ተጠርተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ሐዘናቸውን በሦስት ነጥቦች ከፍለው ገለጹ።

«ረቡዕ አሥር ሰዓት ተኩል ከሚዛን ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ስብሰባ እየመራሁ ነበር፤ አርባ ሰው ይመሰክራል።»

«ጨዋታውን ያውቁታል?»

«በአመራር ደረጃ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቢሮው ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱንም፣ ዘይቱናን፣ ፕሬዚዳንቱንና ሀምዳንን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር አቆመቻቸው። ሀምዳን ከነፖሊሱ መጣ።

«ዛሬ ዘነበ?» አለች በየነች።

«ኧረ ጠብ አላለም፤ ለሚዛንም ይገርማል» አሉ ዘይቱና። «ትናንት ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ነው የወረደው።»

«ታዲያ የዛሬውን ማስታወቂያ የትኛው ዝናብ አራሰው?»

ሁሉም ወደ ፈሰሰው ማኅተም ተመለከቱ።

«ይህ ወረቀት የተለጠፈው ትናንት፣ ከዝናቡ በፊት ነው። ፊርማው ተመሳስሎ ቀኑ ወደፊት የተጻፈው ሟች ዛሬ ጠዋት በሕይወት ነበሩ እንዲባል ነው። ይህን ሰሌዳ ማንም አንብቦት ስለማያውቅ ትናንት ያየው የለም። ትናንት ሀምዳን ቴፒ ነበር፤ አሥራ ስምንቱንም ልጆች በስልክ ጠይቄያለሁ።»

«ዓለምሰገድ ራሱ ቀድሞ ጽፎት ቢሆንስ?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

በየነች ከቢሮው ያመጣቻትን ኳስ ወረወረችላቸው። እንደ እርጥብ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ተለጥፋ ወደቀች።

«መርፌዋ ቴፒ ናት። ሟች እሷ የወጣችበትን ሞዴል 22 ፈርመዋል፤ ወይዘሮ ዘይቱና አስረክበዋል፤ ሀምዳን ወስዷል። ሦስቱም ይህች ኳስ ዛሬ ልትነፋ እንደማትችል ያውቃሉ። ቁልፍ ካላቸው ሰዎች መካከል የማያውቀው አንድ ብቻ ነው።»

ፕሬዚዳንቱ ክራባታቸውን አስተካከሉ። «ይህ ግምት ነው።»

«ማኅተሙ ከሟች መሳቢያ ጠፍቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ወንዝ ይጥለው ነበር። እርስዎ ግን ያለ ማኅተም ማን ነዎት? ኪስዎን ያሳዩኝ።»

ፕሬዚዳንቱ የውስጥ ኪሳቸውን ገለበጡ። ማኅተሙ በአራት በታጠፈ አሮጌ ቃለ ጉባኤ ተጠቅልሎ ወጣ። ዘይቱና ወረቀቱን ዘርግተው የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አዩ።

ፖሊሱ የሀምዳንን እጅ ፈታ። ሀምዳን ኳሷን ከመሬት አንስቶ ብብቱ ሥር ከተታት።

«ሞዴል 22 ያስፈልጋታል» አለ ከልማድ።

«ይዘሃት ሂድ» አሉት ዘይቱና።

በየነች ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞረች። ስለ ግድያው የምትጠይቀው አልነበራትም። አንድ ነገር ብቻ ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግባት ውሏል።

«አሥራ ሁለት ዓመት መርተውታል። ኳስ በምን ይነፋል ብለው ነበር የሚያስቡት?»

አቶ ኃይለሚካኤል ኮታቸውን ቆለፉ።

«አላብራራም» አሉ።