ከጉሙ ውስጥ የመጣ ድምፅ

«እዚች ጋ ቁሚ። ምንም ነገር አትንኪ። ካልጠራሁሽ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ» አላት አጎቷ። ይህን ሲል ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሳም።

ፍንጭት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ፍንጭት የሚሏት የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ስላለ ነው። ሌላ ጊዜ ዝም በይ ብትባል ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። ዛሬ ግን እሷም ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች።

መርከቧ የምትመራበት ሰፊ ክፍል፣ መርከበኞቹ «ብሪጅ» የሚሉት፣ ከባሕሩ የትልቅ ፎቅ ያህል ከፍ ይላል። ትናንት ከዚሁ መስኮት ቁልቁል ስትመለከት ኮንቴይነሮቹ እንደ አንድ ሰፈር ተደርድረው፣ ከእነሱ ማዶ የመርከቧ አፍንጫ፣ ከዚያ ማዶ ባሕሩ ሰማዩን እስኪነካ ተዘርግቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያ ሁሉ የለም። ጉም ውጦታል። መስኮቱ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ነው የሚመስለው።

አጎቷ ከካፒቴኑ ቀጥሎ ያለው መኮንን ነው። መርከቧ ከጎረቤት ወደብ ወደ እነሱ ከተማ ስለምትመጣ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካፒቴኑን አስፈቅዶ አሳፈራት። ትናንት ቀኑን ሙሉ አፏን እንደከፈተች ነው የዋለችው። ሞተሩን ሲያሳዩዋት ሕንጻ መሰላት፤ ደረጃውን ወርዳ ወርዳ እንኳ እግሩ ሥር አልደረሰችም። ሠራተኞቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሌላ አገር ናቸው። ካፒቴኑ ከአንዱ፣ መሪውን የሚይዘው መርከበኛ ከሌላው። የሚያግባባቸው እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ክፍል ውስጥ የምትማረውን ዓይነት አይደለም። ጌጥ የለውም። አጭርና ደረቅ ነው። ካፒቴኑ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ መሪ ያዡ ያንኑ ቃል አንድ በአንድ መልሶ ይለዋል።

«ስታርቦርድ ፋይቭ» ይላል ካፒቴኑ፤ መሪውን ወደ ቀኝ አምስት ዲግሪ ማለቱ ነው።

«ስታርቦርድ ፋይቭ፣ ሰር!»

«ሰምቶት የለ? ለምንድነው የሚደግመው?» ብላ ጠይቃ ነበር ትናንት።

«ጆሮው ውስጥ ገብቼ አላይ!» ሳቀ አጎቷ። «ሲደግመው ነው በትክክል እንደገባው የማውቀው።»

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ወደቡ ስለቀረበ ኔትወርክ መጥቷል። ወንድሟ ነው፦ «የት ደረሳችሁ? ዓርብን እንዳትረሺ። አደራ!!»

ሳትመልስለት ወደ ኪሷ መለሰችው።

ወንድሟ በባሕር ማሠልጠኛው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ካርታ ላይ መንገድ ሲያወጣ፣ ገመድ ሲቋጥር፣ የከዋክብቱን ስም ሲጠራ የሚስተካከለው የለም። እንግሊዝኛ ሲሆን ግን ምላሱ ይተሳሰራል። የመርከብ እንግሊዝኛ ፈተናውን አንዴ ወድቋል፤ አሁን ካለፈ ብቻ ነው ለልምምድ መርከብ ላይ የሚመድቡት። ፈተናው ዓርብ ነው፤ ቤት ተሁኖ በኮምፒውተር ይሰጣል። ዕቅዱ ቀላል ነው፦ እሱ ካሜራው ፊት ይቀመጣል፣ ፍንጭት ከካሜራው ጀርባ ሆና አብራ ታዳምጣለች፣ መልሱን በጣቷ ታሳየዋለች። በክፍሏ በእንግሊዝኛ የሚበልጣት ስለሌለ ነገሩ ለእሷ ቀልድ ነበር። «እሺ» ያለችውም ሳታስብ ነው።

ካፒቴኑ አንድ ነገር ተናገረ። አጎቷ ፈጥኖ ራዳሩ ላይ አጎነበሰ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ፣ ሌላ መርከብ ማለት ናት፣ ወደ መሃል እየመጣች ነበር። ስሟን ከስክሪኑ አነበበና የሬድዮውን መነጋገሪያ አነሳ። በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ ጠራት።

«ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው። አንተም ወደ ቀኝ ዙር። ገብቶሃል?»

ሬድዮው ትንሽ ተንጫጫና አንድ ለጋ፣ ደስ የሚል ድምፅ መጣ። «የስ፣ የስ! ኦኬ፣ ኦኬ!»

መርከቧ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች። ነጥቧ ግን አልዞረችም። ቀጥ ብላ ትመጣለች። አጎቷና ካፒቴኑ ተያዩ። ካፒቴኑ አገጩን ወደ ሬድዮው ነቀነቀ።

አጎቷ አሁን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይበልጥ ቀስ ብሎ። «በፊቴ ነው የምታልፈው ወይስ በኋላዬ?»

«የስ፣ የስ!» አለ ድምፁ። «ኦኬ!»

ፍንጭት ከግድግዳው ቀና አለች። ይህን መልስ ታውቀዋለች። ቤት ጠረጴዛው ላይ ልምምዱን ስታነብለት፣ «ከሁለቱ የቱ ነው?» ስትለው፣ ወንድሟ ራሱን እያከከ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። «የስ፣ የስ።» ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ።

ካፒቴኑ አልጮኸም። ድምፁ እንዲያውም ዝቅ አለ። ሞተሩ እንዲቆም፣ መሪው እስከ ጥግ ወደ ቀኝ እንዲዞር አዘዘ። መሪ ያዡ እያንዳንዷን ቃል መለሰ። ቃሉ እንዲህ በትክክል ሲመለስ እንደመስማት የሚያረጋጋ ነገር ፍንጭት በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም።

መርከቧ ግን ወዲያው አልታዘዘችም። ሞተሩ ቆሞ እንኳ መንሸራተቷን ቀጠለች። ከዚያ ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ኮንቴይነር፣ ተኝቶ እንደሚገላበጥ ተራራ በዝግታ ፊቱን ማዞር ጀመረ። ወለሉ እግሯ ሥር ተንገዳገደ። ካፒቴኑ ጡሩምባውን ተጫነው። ድምፁ በጆሮዋ ብቻ አልነበረም የገባው፤ ከወለሉ ተነስቶ በእግሯ በኩል ደረቷ ድረስ ወጣ።

ያኔ ጉሙ ተቀደደ።

አንዲት ትንሽ የጭነት መርከብ፣ ጎኗ የዛገ፣ ልብስ የተሰጣባት፣ በግራቸው በኩል ብቅ አለች። በጣም ከመቅረቧ የተነሳ ፍንጭት ገመዱ ላይ ያለውን ቀይ ካልሲ አየች። በረንዳዋ ላይ ካናቴራ የለበሰ ወጣት ቆሟል፤ የሬድዮውን መነጋገሪያ አፉ ላይ እንደያዘ ነው። ሽቅብ አንጋጦ ከፊቱ የሚያልፈውን የብረት ግድግዳ ያያል። ጢሙ ገና አላቀመቀመም። ዓይኑ ፈጧል። ከዚያ ጉሙ መልሶ ሸፈናቸው።

ፍንጭት አሁን ስድብ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ካፒቴኑ መነጋገሪያውን ከአጎቷ እጅ ተቀበለ። «እንደምን አደርክ» አለ በእንግሊዝኛ፣ ለሕፃን ልጅ እንደሚያወራ ሰው። «ፍጥነት ቀንስ። ቀስ።»

ሬድዮው ተንጫጫ። ከዚያ «ቀስ» አለ ወጣቱ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ቀስ።»

«ደህና ነው» አለ ካፒቴኑ፤ መነጋገሪያውንም ሰቀለው።

አጎቷ ዞር ብሎ ሲያያት ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን አልገባኝም አላለም?»

«አፍሮ ይሆናል። ወይ ማንም አላስተማረውም» አለ አጎቷ። ትንሽ አሰበና፣ «ወይ ደግሞ የሆነ ሰው ያውቃል ብሎ ፈርሞለት ይሆናል» ብሎ ወደ ራዳሩ ተመለሰ።

ወደቡ ሲደርሱ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ፍንጭት ከደረጃው ወርዳ ወደ ኋላ ዞር ብላ ስታይ የመርከቧን ጫፍ ለማግኘት ማንጋጠጥ ነበረባት። ይህን የሚያህል ነገር በቃል ይዞራል ብሎ ማን ያምናል?

ወንድሟ የወደቡ በር ላይ እየጠበቃት ነበር። አቀፋት፣ ሻንጣዋን ተቀበላት፣ ወሬውንም ያዘ። «ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ካሜራው አንቺን ጭራሽ አያይሽም፤ ሞክሬዋለሁ። ሙድ ያለው ነገር ነው!»

እየሄዱ ነገረችው። ስለ ነጥቧ፣ ስለ ጥያቄው፣ ስለ መልሱ። መጀመሪያ ላይ እየሳቀ ነበር የሚሰማት። ካናቴራ ስለለበሰው ወጣት ስትነግረው ሳቁን አቆመ።

«ዓርብ አልቀመጥልህም» አለች።

«ቀልዱን ተይው ባክሽ።»

«እስከዚያ ማታ ማታ አብሬህ አጠናለሁ። ዓርብ ግን ብቻህን ነህ።»

«ፍንጭት፣ እወድቃለሁ እኮ! ጓደኞቼ ሁሉ ሲሳፈሩ እኔ እዚሁ ልቀር ነው?»

«ልትወድቅ ትችላለህ።»

ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠውና ጥሏት ሄደ። ከታክሲ መያዣው ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ትከሻው ወርዷል። እዚህ ወደብ፣ ትንሽ ሳለች፣ መርከቦቹን እንድታይ የሚሸከማት ይኸው ትከሻ ነበር። «እሺ በቃ፣ እቀመጥልሃለሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሻንጣውን አነሳች። ከባድ ነው። ቃሉን ዋጠችና ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ያ ልጅ» አለ ሳያያት። «ዕድሜው ስንት ይሆናል?»

«ያንተ እኩያ ነው።»

ታክሲ መጣ። ወንድሟ ቀድሞ ገባ። ከዚያ ጠጋ አለላት። ፍንጭት ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠችና በሩን ዘጋች።