ዋሽቶ የማያውቅ ባል

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውን የገብረዋሕድን ቤተሰብ አይቶ በልቡ ያልቀና ጎረቤት አልነበረም። ገብረዋሕድ ዕድሜውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሰ፣ አንዲት ብሎን ሳትጠብቅ «ጠብቃለች» ብሎ የማይፈርም፣ በሐሰት የማይታማ ሰው ነበር። ሚስቱን የሻሽወርቅን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ ትናንት ሙሽራ ይሳሳላት ነበር። ቦሌ ባንክ ውስጥ ለምትሠራው አንድ ልጃቸው ለሳምራዊት ደግሞ አባቷ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ያን ቤት የሚያፈርሰው ይኸው እምነት ነው ብሎ ማን ገመተ?

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ገብረዋሕድን ቅናት ያዘው። የሻሽወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ያሸታል፤ ስልኳን ይበረብራል። አንድ እሑድ ጎረቤታቸው ዋቅጅራ ዝናብ ሲመታት አይቶ ከቦሌ መድኃኔዓለም በመኪናው አመጣት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። «ዋቅጅራ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ በዓይኔ አይቼዋለሁ! ስገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀችው!» እያለ በመድኃኔዓለም ማለ። የሻሽወርቅ አለቀሰች፣ ማለች፣ እግሩ ላይ ወደቀች... ማን ይስማት?

«ሳምሪ፣ አንቺ እንኳ እመኚኝ!»

«አባዬ ዋሽቶ አያውቅም፣ እማዬ።»

ከባሏ ስድብ ሁሉ ይልቅ አንጀቷን የቆረጠው ይህ የልጇ ቃል ነበር። በማግስቱ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከታ ሃያ ሁለት ሰፈር ወደምትኖረው እህቷ ቤት ሄደች። ዋቅጅራም ሐሜቱን መሸከም አቅቶት ሚስትና ልጆቹን ይዞ ሰፈሩን ለቀቀ።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሳምራዊት ለአባቷ ምሳ ስታቀርብ፣ ገብረዋሕድ በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ሶፋውን አመለከተ።

«ይህን ዋቅጅራን ውጣ በይልኝ! እናትሽን ወስዶ አልበቃውም?»

ሶፋው ላይ ማንም የለም! ሳህኑ ከሳምራዊት እጅ ወደቀ። ታዲያ ያን ጊዜም... ያን ጊዜም ማንም አልነበረም?

የነርቭ ሐኪሟ ዶክተር ዓለም ከብዙ ምርመራ በኋላ ሳምራዊትን ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

«አንጎላችን ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው ቅርጹን ጠብቆ ሲታጠፍ ነው። የአባትሽ ግን ተጣሞ ታጥፏል። የተጣመመው ጤነኛውን እያጣመመ ይከማቻል፤ ሴሎቹን ይገድላል። የሌለ ሰው የሚያሳያቸውም፣ እጃቸውን የሚያንቀጠቅጠውም፣ ቅናቱን ያመጣባቸውም እሱ ነው። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለንም።»

«አባዬ... ዋሸ ማለት ነው?»

«አልዋሹም። ያዩትን ነው የተናገሩት። እናትሽም አልዋሹም።»

ሳምራዊት ሃያ ሁለት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እናቷ እግር ላይ ተደፍታ የሆነውን ሁሉ ስትነግራት ቃሏ በለቅሶ ተቆራረጠ። የሻሽወርቅ ግን ልጇን አንስታ አቀፈቻትና፣ «አባትሽ ምሳ በልቷል?» አለች።

ወይ የዕድል ጭካኔ! ተመልሳ በሩን ስትከፍት ገብረዋሕድ አላወቃትም።

«አዲሷ አስታማሚ ነሽ?»

«አዎ... ነኝ፣ ጌታዬ» አለች፣ እንባዋን ወደ ውስጥ እየዋጠች።

ሠላሳ ዓመት «አንተ» ያለችውን ባሏን «እርስዎ» እያለች ታጥበውና ታጎርሰው ጀመር። ፀጉሩን ልትዳብስ እጇን ስትዘረጋ ይሸሻታል። «ተይ እህቴ፤ ባለትዳር ነኝ። የሻሽዬ ብታየን ይከፋታል» ይላታል። እሷም ወጥ ቤት ገብታ ታነባለች። በዚያች እንዲህ በሚታመንላት፣ እንዲህ በሚናፍቃት ሴት ቀናች። በገዛ ራሷ ቀናች! እንዲህ ያለ ቅናት በማን ላይ ደርሶ ያውቃል?

በሁለተኛው ክረምት የሳንባ ምች ጣለው። አንድ ጠዋት ትንፋሹ ሲቆራረጥ ጠራት።

«እህቴ... ባለቤቴ ያ ሰውዬ ጋ ናት?»

«የለችም። ከእርስዎ በቀር ወንድ አታውቅም።»

«ነገረችሽ?»

«ምላልኛለች።»

ፊቱ በራ። ከስንት ዘመን በኋላ ግንባሩ ላይ ያለው ቅጭምታ ተፈታ። «እንግዲያ እኔ ነኝ የበደልኳት። ይቅር በይኝ ብሏል በያት...»

«ይቅር ብላሃለች፣ ገብሬ! ይቅር ብያለሁ!»

ሰምቷት ይሆን? እጁ እጇ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ዋቅጅራ መጥቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ሳምራዊት በሰው ሁሉ ፊት ጉልበቱን ስማ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም እያለቀሰ አነሳት። የሻሽወርቅን ባሏ እስከ መጨረሻው ወዷት ሞተ፤ ግን አጠገቡ መሆኗን ሳያውቅ! በዓይን የማትታይ አንዲት ቅንጣት ተጣማ ሠላሳ ዓመት የተገነባ ቤት ስታፈርስ፣ ሰው ማንን ይክሰስ? በማንስ ላይ ይፍረድ?