ማሽኑ ሳይጮህ

መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው። ሁለት እጁ ከረጢት ስለያዘ በሩን በጀርባው ገፍቶ ገባ፤ የለበሰው ማልያ ላይ ያለችው አምስት ቁጥር ግማሿ ተልጦ ተንጠልጥላለች።

«ቁጥርህ ሊወድቅ ነው» አለችው።

«እሱ ነው ያመጣኝ። ትናንት የሬዲዮው ሰውዬ ቁጥሬን ማንበብ አቅቶት ሙሉ ጨዋታ 'ያ ረጅሙ ልጅ' ሲለኝ ዋለ። እናቴ ስሜ ሳይጠራ ሲቀር የታመምኩ መስሏት ደወለች።»

«በፈላ ውሃ ነው የምታጥበው?»

«ሌላ ውሃ አለ እንዴ?»

ሳቀች። ሱቁ የአባቷ ነው፤ በፋርማሲና በጫማ ጠጋኝ መሀል የተሸጎጠች፣ ግድግዳዋ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በላስቲክ ቁጥር የተሞላ፣ ሁልጊዜ የተቃጠለ ጎማ የምትሸት ጠባብ ክፍል። ትምህርቷን ስትጨርስ ለጥቂት ጊዜ ብላ ገባች፤ እንደገባች ቀረች። አባቷ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፦ ቁጥሩን በሙቀት የሚለጥፈው ማሽን ሰዓቱ ሞልቶ ሳይጮህ ክዳኑ አይነሳም። «ሳይጮህ ያነሳሽው ቁጥር ለጊዜው ይይዝልሻል፤ ከዚያ ሰው ፊት ያዋርድሻል» ይሏት ነበር።

አዲስ ቁጥር አስቀምጣ ክዳኑን ጫነችው። እሱ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ ጠበቀ። የከተማው ክለብ ተከላካይ ነው፤ «ግድግዳው» ይሉታል፤ ኳስ ስለማያሳልፍም ወሬ ስለማያወጣም። ማሽኑ ሲጮህ ሁለቱም ደነገጡ፤ ለካ ሲተያዩ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ያው ማልያ ተመልሶ መጣ። አገላብጣ አየችው።

«ይሄንስ ውሃ አይደለም የላጠው። ጥፍር ነው።»

«ጥፍር ነው» አለ።

«የማን?»

እጁን ዘርግቶ አሳያት። እሷም እንደ ዳኛ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ መረመረች፤ መርምራ ስትጨርስም እጁን ቶሎ አልለቀቀችውም። ከዚያ በኋላ የሚላጥ ቁጥር ፈልጎ መጣ፣ ሳይፈልግም መጣ። አባቷም ለመዱት። ልጁን ወደዱት ማለት ይቻላል፤ በእሳቸው ቋንቋ መውደድ ማለት ወንበር መግፋት ከሆነ።

ከሰዓት በኋላ ሱቋ የክርክር ሸንጎ ትሆናለች። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ይመጣሉ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብሔራዊ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ እንዲያልፍ የጠበቁ ሰው ናቸው፤ አልፎም አያውቅ። ስለዚህ የእሳቸው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከዓለም ማጣሪያ የቱ ነው ከባዱ?

«የኛ ነዋ!» ይላሉ። «አውሮፓ ሁለተኛ ብትወጣ ሌላ በር ይከፈትልሃል። ደቡብ አሜሪካ አስር ሆነው ስድስቱ በቀጥታ ያልፋሉ። ይሄ ማጣሪያ ነው? የተቀደደ ወንፊት ነው እንጂ።»

«ጋሼ፣ አስሩ እነማን እንደሆኑ ይዩ እንጂ» ይላል ፋርማሲስቱ። «ደግሞ ተራራ ላይ፣ ትንፋሽ በሚያጥርበት ነው የሚጫወቱት።»

«ቀላሉ ኦሽንያ ነው» አለ አንድ ቀን ሹፌሩ፣ ሆዱን እየመታ። «እነዚያ የፓስፊክ ደሴቶች ጋ እኔም በዚህ ቦርጬ እሰለፋለሁ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ግድግዳው ብቻ አልሳቀም። እሷ አየችው። ዝምታው እንዳይታወቅበት ብላ ይሆን ወይም ክርክሩ ሰልችቷት፣ ያን ቀን እሷም አፏን ከፈተች።

«እናንተ የተጋጣሚውን ጉልበት ብቻ ነው የምትመዝኑት። ማጣሪያው ስንት ስህተት ይችላል ብላችሁ ጠይቁ። ደቡብ አሜሪካ ሁሉም ከሁሉም ደርሶ መልስ ይጫወታል፤ አምስቴ ተሸንፈህም ልታልፍ ትችላለህ። ደሴቶቹ ጋ ግን በቀጥታ የምታሳልፍ ቦታ አንዲት ናት። ሁሉን በጎል አንበሽብሸህ መጥተህ፣ በመጨረሻዋ ቀን አንዴ ብትሳሳት አለቀልህ። የቱ ነው ከባዱ?»

ሹፌሩ «ወይ ጉድ» አለ። አባቷ በኩራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያን ምሽት ግድግዳው እየሸኛት ሳለ ቆም አለ። «አባቴ የዚያ ሰው ነበር» አለ።

አባቱ የመርከብ መካኒክ ነበር፤ ከደሴቶቹ የአንዷ ልጅ። እሱ ገና ሕፃን ሳለ አገሬን ዓይቼ ልምጣ ብሎ ሄዶ እዚያው ሞተ፤ የቀረው አንድ ፎቶና የማይጠራ የአባት ስም ነው። አሁን የዚያች አገር ፌዴሬሽን ስሙን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ና ተጫወትልን ብሎ ደውሎለታል።

«እዚህ አንዴ ተጠርቼ የተጠባባቂ ወንበር አሙቄ ተመለስኩ። ዕድሜዬም እየሄደ ነው። ደግሞ መቃብሩን አላየሁትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማጣሪያው ሲያልቅ እመለሳለሁ። ወዴት እሄዳለሁ?»

አመነችው። በዚያች ምሽት ፈጽማ አመነችው።

እናቱና አጎቱ እሷን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቁ። ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሊሆን ሲል ግድግዳው እንዳይደብቅ ብሎ የደሴቶቹን ነገር አነሳ።

«ያቺ ቀላሏ?» አሉ አባቷ።

«ጋሼ፣ ቀላል ስለሆነች አይደለም። የአባቴ አገር ናት።»

«ያሳደገችህስ የማን ናት?» እናቱ አቀረቀሩ። «ስማ ልጄ፣ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንብህ። እኔ ስንት ዓመት ተሸንፌ ሌላ ቡድን አልቀየርኩም። ዛሬ አገር የከበደችህ፣ ነገ ልጄ የከበደችህ ዕለት ምን ልታደርግ ነው? ብትቀር ውሰዳት፤ ደስ ብሎኝ። ብትሄድ ግን እንዳታስጠብቃት።»

እሱ አልተቆጣም። «እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁም» አለ። እሷን ደጅ ላይ «ትጠብቂኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ «እጠብቃለሁ» አለች። ከልቧ ነበር። ግን የአባት ቃል እንደ እሾህ ነው፤ ገብቶ ይሰበራል። ማታ ስትተኛ «ነገ ልጄ የከበደችህ ዕለት» የሚለውን ትሰማዋለች።

ከመሄዱ በፊት ማልያው በፖስታ መጣለት። ፌዴሬሽኑ ድሃ ነው፤ ተጫዋቾቹም ግማሾቹ በየአገሩ የተበተኑ ስለሆኑ ቁጥራችሁን እዚያው አሳትሙ ብሏቸዋል። ለማን ይውሰደው? አባቷ ምሳ በሄዱበት ሰዓት ይዞላት መጣ። አንድ ነጭ ማልያ፣ ደረቱ ላይ የማታውቀው ዓርማ።

አምስት ቁጥርን ከሱቁ ግድግዳ ላይ አወረደች፤ አስተካክላ አስቀመጠች፤ ክዳኑን ጫነች። እሱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ፊቷን ያያል። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣባት። ይህን ሰው ወደዚህ ሱቅ ያመጣው ምን ነበር? የተላጠ ቁጥር። ደግሞ የመለሰውስ? የተላጠ ቁጥር። በደንብ የታተመ ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው ለምን ይመለሳል?

ሞኝነት ነው። ሞኝነት መሆኑንም ታውቀው ነበር። እጇ ግን ማሽኑ ሳይጮህ ክዳኑን አነሳው።

ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ለዓይን ምንም አይልም።

«አልቋል?» አላት።

«አልቋል» አለችው።

ሄደ። ደሴቶቹ ጋ ነገሩ ሹፌሩ እንዳለው ሆነ፤ የመጀመሪያውን ሰባት ለባዶ፣ ሁለተኛውን አራት ለባዶ። ባሸነፈ ቁጥር ይደውላል። የአባቱን መቃብር አገኘው፤ ከባሕሩ አጠገብ ነው፤ የአክስቱ ልጆች እሱን ይመስላሉ። እሷ ሁሉን ሰምታ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«ቁጥሩስ?»

ይስቃል። «ይዟል። የሰው ሴት ናፈቅኸኝ ትላለች፣ አንቺ ስለ ላስቲክ ትጠይቂኛለሽ።»

ጨርቅ ጣል አድርግበትና በካውያ ድገመው ብትለው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ለምን ይላታል። ለምን ሲላት ደግሞ ስላላመንኩህ ነው ማለት አለባት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ለመልቀምም አፈረች። ቁጥሩ በያዘ ቁጥር ደግሞ ከዚህ በኋላማ አይላጥም እያለች ራሷን ሸነገለች።

አባቷም ቢሆኑ እየለዘቡ ነበር። ስሙን አይጠሩም እንጂ «ያ ከሃዲ ስንት ገባባቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ምንም አልገባባቸውም ስትላቸው «እህ» ይላሉ፤ «መቼም መከላከሉን የተማረው እዚህ ነው።»

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ደወለ። «ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ባልፍም ብወድቅም እመጣለሁ። ጋሼን እንደገና እጠይቃቸዋለሁ። ባልፍ ግን እንዴት ብለው እምቢ ይሉኛል?»

እዚያ ሲመሽ እዚህ ጠዋት ነው። ሱቁ ሳይከፈት ሹፌሩና ፋርማሲስቱ ገብተው ቴሌቪዥኑ ሥር ተኮለኮሉ። አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጥር የሚደረድሩ መሰሉ፤ አንድ ስድስት ቁጥር ይዘው ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ተጋጣሚው የአካባቢው ትልቅ አገር ነው፤ ዝናቡ ደግሞ እንደ ጉድ ይወርዳል። ግድግዳው ግን ግድግዳ ሆነ። በግንባሩ መለሰ፣ በደረቱ መለሰ፣ አንዴ በአፍንጫው መለሰ። ከእረፍት በኋላ አባቷ ፊታቸውን አዞሩ። «አትውጣ! እዚያው ቁም!» ብለው ሲጮኹ ራሳቸውም ደነገጡ።

እሷ ኳሱን አታይም። የምታየው ጀርባውን ነው። የአምስት ቁጥሯ አንድ ጥግ ተነስቷል።

አጥቂው ሊያልፈው ሲል ማልያውን ጨበጠው፤ ሁለቱም ወደቁ። አጥቂው ሲነሳ እጁ ላይ የቀረችውን ላስቲክ ዓይቶ ግራ ገባው፤ መሬት ላይ ጣላት። ዳኛው የግድግዳውን ባዶ ጀርባ አየ፤ ወደ መስመሩ ጠቆመው። ውጣና አስተካክል።

ሌላ ማልያ አልነበረም። ወጌሻው የቁስል ፕላስተር እየቀደደ እርጥብ ጀርባው ላይ ቁጥር ሊሠራ ይታገላል፤ ፕላስተሩም አልይዝ ይላል። ግድግዳው እጆቹን ዘርግቶ፣ እናቱ እንደምታለብሰው ልጅ ቆሞ ሜዳውን ያያል። ኳሷ ከክንፍ ተሻማች። እሱ ሁልጊዜ በሚቆምባት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም።

አንድ ለባዶ። እንደዚያው አለቀ።

ሹፌሩ የሆነ ቀልድ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። አባቷ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ወደ እሷ መጡ። ፊቷን አላዩም፤ እጇን ነው ያዩት።

«የኛ ቁጥር ናት?»

«የኛ ናት፣ አባዬ።»

«ማሽኑ ጮኾ ነበር?»

እጇን ወደ ኋላዋ አዞረች። አባቷ በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ እስካሁን የያዙትን ስድስት ቁጥር ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሹፌሩና ፋርማሲስቱ ሳይሰናበቱ ወጡ።

ስልኩ የጮኸው ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፁ ሰልሏል፤ ከጀርባው ሰው ያለቅሳል።

«አየሽ?» አለ።

«አየሁ።»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም። ዝናብ ነበር። ልጁም ጎትቶኛል። እንዳታስቢበት ብዬ ነው የደወልኩት።»

ዝም ብትል ኖሮ ይመጣ ነበር። ይህን አሳምራ ታውቃለች። በቆረጠው ቲኬት ይመጣ፣ አባቷም ዘንድሮስ እምቢ የሚሉበት ጉልበት የላቸውም፣ ይጋቡ ነበር። ዕድሜ ልኳን ግን ያን ጀርባ እያየች መኖር ነው። አልቻለችም።

«ሳይጮህ ነው ያነሳሁት» አለችው። «እያወቅኩ ነው። እንዲላጥ ብዬ። ሲላጥ ይመጣል ብዬ።»

እዚያ ያለው ለቅሶ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ብትጠሪኝ እኮ እመጣ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ይቅር በለኝ።»

«እኔስ እሺ። እዚህ ሰው ሁሉ አቅፎኝ እያለቀሰ ነው። በረኛው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ለልምምድ ብሎ ጀልባውን ሸጧል። ለእሱ ምን ልበለው?»

ሌላ ነገር ይናገራል ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆየች፤ ለካ ዘግቶታል።

አልተመለሰም። እናቱ በኋላ ሊጠይቁት ሄደው መጡ፤ እዚያ ሕፃናት ያሠለጥናል አሉ፣ አግብቷልም አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኟት እቅፍ አድርገው ይስሟታል፤ እሱ ምንም አልነገራቸውም ማለት ነው። ከሁሉ የሚብስባት ይህ ነው።

ሹፌሩና ፋርማሲስቱ ዛሬም ይመጣሉ። አንዳንዴ ሹፌሩ ረስቶ የማጣሪያውን ነገር ያነሳና የቱ ነው ከባዱ ይላል። አባቷ ሥራ እንዳለበት ሰው ዕቃ ማንሳት ይጀምራሉ።

ትናንት አንድ ጎረምሳ የተላጠ ማልያ ይዞ መጣ፤ ቁጥሩ አምስት ነው። አሮጌውን ላጠች፣ አዲሱን አስቀመጠች፣ ክዳኑን ጫነች። ማሽኑ ጮኸ።

«እህቴ፣ ጮኸ እኮ» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለችው፤ እጇን ግን ከክዳኑ ላይ ቶሎ አላነሳችም።