የተቆረጠችው ዜሮ

«ስምንተኛን እንኳ ያልጨረሰ ሰው ነርስ ሊያስቀር!»

ይህን ያለችኝ የምወዳት ልጅ ታላቅ እህት ናት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ውጤት በተለጠፈ ማግስት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ በር ላይ ቆማ፣ ወረፋ የያዙ ተማሪዎች ሁሉ እየሰሙ። ባንክ ነው የምትሠራው፤ የደንብ ልብሷን ለብሳ ነበር። እኔ «እርስዎ» እላታለሁ፣ እሷ «አንተ» ትለኛለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬ ብትጠየቅ ሰላም ብላኝ የሄደች ሊመስላት ይችላል።

ለነገሩ ስምንተኛን ጨርሻለሁ። ያቆምኩት ዘጠነኛ ላይ ነው። ማንም ግን አልጠየቀኝም።

ሱቄ የኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው። አንድ ማባዣ ማሽን፣ አንድ መጠረዣ፣ አንድ የወረቀት መቁረጫ። ግድግዳው ላይ የጥናት ጥያቄዎች ተደርድረዋል፤ የቢዝነስ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የጤና፣ የሒሳብ። ካለፉት ፈተናዎች እየሰበሰብኩ፣ መልሳቸውን ከኋላ አድርጌ፣ ጠርዤ እሸጣለሁ። ጣቶቼ ከማሽኑ ቀለም ጠቁረው ስለማይለቁ ተማሪዎቹ በቀለሙ ስም «ቶነር» ይሉኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የጠየቀኝ የለም።

ልጅቱ መጀመሪያ የመጣች ቀን ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ብሎኝ፣ እስከ ትከሻዬ ሆዱ ውስጥ ገብቼ ነበር።

«ታካሚው ይድናል?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ቀና ስል ጭንቅላቴን ከክዳኑ ጋር አጋጨሁት። ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ልጅ ናት። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ዘመድ ከሆንሽ ውጭ ጠብቂ» አልኳት።

ያኔ ሳቁ አመለጣት። ሰው ሲስቅ በእኔ የሳቀ ነው የሚመስለኝ፤ አመሌ ነው። የዚያን ቀን ግን አልመሰለኝም።

ነርስነት ነበር የምታጠናው። ገና ሳትመረቅ «ሲስተር» እላት ጀመር። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ የገዛችውን ጥያቄ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ጠይቀኝ» አለች።

«ምን?»

«በዓይኔ ሳነበው አይገባኝም። ሰው ሲጠይቀኝ ነው የሚገባኝ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። አንተ አንብብልኝ እንጂ!»

ከዚያ በኋላ ከክፍል ስትወጣ ትመጣለች። የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኔ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ቃል ምላሴ ላይ ይሰበራል። አታርመኝም፤ እስክወጣው ትጠብቀኛለች። እስከዛ ድረስ የሚያርመኝ እንጂ የሚጠብቀኝ ሰው አልገጠመኝም ነበር።

ኢኮኖሚክስም ትወስድ ነበር።

«የአንድ ዕቃ ፈላጊ በዝቶ አቅርቦቱ ካነሰ ምን ይሆናል?»

«ይወደዳል።»

«ማን?»

ዓይኗን ገለጠች። «ዕቃው ነዋ!... ሞኝ።»

ተመልሳ ጨፈነች። ቀጣዩን ጥያቄ ለማግኘት ግን ገጹን ሁለቴ መገልበጥ ነበረብኝ።

የምትፈራው የመድኃኒት መጠን ስሌትን ነበር። የነርሶች ሒሳብ ነው፤ ለዚህ ክብደት ያለው ታካሚ ከዚህ መድኃኒት ስንት ይሰጠዋል የሚል። እሱን ያላለፈ ሆስፒታል ገብቶ ሰው አይነካም። ያለፉት ሩቅ ከተማ ይመደባሉ፤ የወደቁት ቀርተው እንደገና ይማራሉ። መመደብ ማለት ደግሞ ከእኔ መሄዷ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናወራውም።

«የስሌቱን ጥራዝ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ እንዲገባልኝ አሳንስልኝ» አለችኝ ፈተናው ሲቃረብ። «ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ሁሉ እያየኝ ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ አላጠናም።»

ማሽኑ ማሳነስ ይችላል። ግን ፊደሉም አብሮ ያንሳል፤ እሷ ደግሞ ስታነብ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ስለዚህ ፊደሉን እንዳለ ትቼ ዳር ዳሩን ባዶ ወረቀት በመቁረጫው ቀነስኩት። ማዕዘኑን አለዘብኩ፤ ሰማያዊ ሽፋን አደረግኩለት። ለማንም እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም።

ስሰጣት ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «በዚህማ ካላለፍኩ...»

«ብትወድቂም አይከፋኝም» አልኳት። «እዚሁ ትቀሪልኛለሽ።»

«ሟርተኛ!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ። እየሳቀች ነበር። ስንዞር ታላቅ እህቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከሥራ ስትመለስ ይዛት ልትሄድ መጥታ ነው። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ውጤት ተለጠፈ። ወደቀች።

ማክሰኞ ጠዋት እህቷ ያንን ሰማያዊ ጥራዝ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

«የመጨረሻውን ገጽ ክፈተው!»

ከፈትኩት። መልሶቹ በቀኝ በኩል፣ ወረቀቱ ዳር ድረስ ተደርድረዋል። ያ ገጽ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ዳር ተጠግቶ ነበር የተባዛው። መቁረጫዬ ባዶውን ብቻ ሳይሆን የቁጥሩንም ጫፍ በልቶታል። ሁለት መቶ ሃምሳ የነበረው ሃያ አምስት ሆኗል። ከአንድ ሺህ መቶ ቀርቷል። ቆረጣው ንጹሕ ነው፤ ዜሮዋ ድሮም የነበረች አትመስልም።

እህቷ እንዳለችው፣ ልጅቱ ቤት ብቻዋን ስትሠራ ትክክለኛው መልስ ይመጣላት ነበር። ከጥራዙ ጋር ስታስተያየው አይገጥምም። የታተመውን አመነች፤ ራሷን ተጠራጠረች። አንድ ቦታ ማካፈል የረሳሁ ነገር አለ ብላ ሁሉንም ለአስር ማካፈል ለመደች። ፈተናውንም እንደዚያው ሠራችው።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን ሳላይ ነው። እውነቴን ነው፣ እርስዎ...»

«ሳላይ? ‹ብትወድቂም አይከፋኝም› ስትላት በዚህ ጆሮዬ ሰምቼሃለሁ! አስቀረሃት አይደል? ደስ ይበልህ!»

ቀጥላ ነው ያንን የስምንተኛ ክፍሉን ነገር የተናገረችው። ከወረፋው አንድ ሁለቱ ሳቁ። መልካቸውን አውቀዋለሁ።

ልጅቱ ከእህቷ ኋላ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«አንቺስ?» አልኳት። «አንቺም እንደዚያ ነው የምታስቢው?»

ካርቶኑን አየች። መቁረጫውን አየች። እኔን አላየችኝም።

«እኔ እንጃ» አለች።

የእህቷ ስድብ ስድብ ነው፤ ለምጄዋለሁ። «እኔ እንጃ»ን ግን ልለምደው አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ኮሌጁ በር ላይ አያታለሁ፤ መንገድ ትሻገራለች። ቤቷ ሄጄ በር አንኳኳሁ፤ እናቷ በመስኮት አይተውኝ «የለችም፣ ልጄ» አሉኝ። ጫማዋ ደጃፉ ላይ ነበር። የቀሩትን ጥራዞች በሙሉ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ገጹ ወደ ዳር ተጠግቶ የወጣው የእሷ ብቻ ነበር። ቢያውቁት ሆን ብሎ ነው ለማለት ማስረጃ ይሆናቸው ነበርና ለማንም አልተናገርኩም።

ድጋሚ ተማረች፤ አለፈች። የነገሩኝ ሊያባዙ የመጡ ጓደኞቿ ናቸው። ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ተመደበች።

የምትሄድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ቶነር...» አለች። «አውቶቡስ መናኸሪያ ነኝ። ና እባክህ።»

ሱቁን ተማሪ እንደሞላው ዘግቼ ሄድኩ።

ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው። እህቷ ራቅ ብላ ቆማ በአንገቷ ሰላም አለችኝ። ልጅቱ ከስታለች፤ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ሳያት የነበረኝ ቂም ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

«ናፍቀኸኝ ነበር» አለች።

«እኔም።»

«ስማኝ... ብዙ አሰብኩበት። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ዓይኔ ወደ እህቷ ሄደ።

«እህቴም ትታዋለች። ስለወደድከኝ ያደረግከው ነው፤ ገብቶኛል። ሰው ሲወድ ምን የማይሠራው አለ?» እጄን ያዘችው፤ በጥቁሩ ጣቴ ላይ ጣቷን አመላለሰች። «እዛም ኮሌጅ አለ አሉ። ማሽንህን ይዘህ ና። ቤት እናገኛለን። እንጋባ።»

ይህን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

«ሳላይ ነው የቆረጥኩት» አልኳት።

«እሺ በቃ...»

«ሳላይ ነው።»

«ይቅር ብያለሁ አልኩህ እኮ! አሁን ምን ያስዋሽሃል?» ዓይኗ እንባ ሞላ። የእውነት እንባ ነው፤ ትወደኛለች። «አንዴ ብቻ እውነቱን ንገረኝ። ሆን ብለህ ነበር አይደል? በለኝና ይውጣልን። ከዚያ ሁለተኛ አላነሳብህም።»

ረዳቱ የከተማውን ስም እየጠራ አውቶቡሱን ደበደበ። እህቷ ሰዓቷን አየች።

አዎ ብል አብሬያት ነበርኩ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ግን በየማዕዱ፣ በየአልጋው፣ ያላደረግኩትን ይቅር ስትለኝ ልትኖር ነው።

«ንገረኛ!» አለች።

ሻንጣዋን ከመሬት አንስቼ እጇ ላይ አስጨበጥኳትና ዞሬ ሄድኩ።