ደረቱ ላይ ያልቀረው ሙጫ

«ሰውየው ሲሞት እኮ እጅዎን አጣጥፈው ቆመው ነበር» አለ የጽዳት ሠራተኛው።

«መሣሪያውን የለጠፍከው አንተ! ምን አድርገህ እንደለጠፍከው ማን ያውቃል?» አለ የመዋኛው ኃላፊ።

መርማሪው ሲገባ ጭቅጭቁ ግሎ ነበር። በሁለቱ መካከል፣ በልብስ መቀየሪያው ወለል ላይ፣ «ዓሣው» የሚሉት ሽማግሌ የዋናተኞች ጠባቂ፣ ፎጣ ለብሶ ተጋድሟል። ትኬት ቆራጯ ብቻ አጠገቡ ተቀምጣ የፎጣውን ጠርዝ ታስተካክላለች።

የጽዳት ሠራተኛው የሆነውን ተናገረ። ዓሣው ጠዋት ደረቱን ይዞ ወደቀ። ትኬት ቆራጯ ሮጣ ደርሳ ደረቱን መጫን ጀመረች፤ አሠልጣኝ ነበር የምትመስለው። የጽዳት ሠራተኛው ራሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ዲፊብሪሌተር፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰውን መሣሪያ፣ አምጥቶ ልጥፎቹን ደረቱ ላይ ለጠፈ፤ አዝራሩን ተጫነ።

«መሣሪያው ኤሌክትሪክ ሰጠሁ አለ፣ ጌታዬ። ሰውየው ግን እንደ ግንድ ነው፤ ንቅንቅ አላለም።»

ኃላፊው ደግሞ መሣሪያው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጢው ጢው እያለ ቢያስቸግረው ሳጥኑን ገጥሞበት ማለፉን እያቅማማ አመነ።

መርማሪው ፎጣውን ገለጠ። እሱንም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ፣ ጠያቂ ያልመጣለት ሬሳ ሲያይ ቶሎ አይሸፍንም። የሟቹን ደረት በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቶ ቆየና ሦስቱንም አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው።

«እውነተኛው ልጥፍ እርጥብ ሙጫ አለው፤ ሲነሳ ገላ ላይ ይቀራል» አለ። «የዓሣው ደረት ደረቅ ነው። የተለጠፈበት የልምምድ ልጥፍ ነው። እሱ ከተሰካ መሣሪያው ያወራል እንጂ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ጢው ጢው ሲልም ልጥፉን ቀይሩልኝ ማለቱ ነበር።»

«ማነው የሰካው?» አለ ኃላፊው።

«እርስዎ አይደሉም። ሥልጠናውን ከዛሬ ነገ እያሉ ሁለት ዓመት አሳደሩት፤ የልምምድ ልጥፍ መኖሩንም አያውቁም። ይሄ የጽዳት ሠራተኛም ሲለጥፈው አልለየውም። ዕቃ ቤት ያለው የመለማመጃ አሻንጉሊት ግን አቧራ የሌለበት ደረቱ ላይ ብቻ ነው። ሰሞኑን የተጫነው ሰው አለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ሁለት ዓመት ያልተለማመደ እጅ እንደ እርስዎ አይጫንም።»

ትኬት ቆራጯ ጎንበስ ብላ ፎጣውን ወደ ዓሣው ደረት መለሰች።

«ደረቴን ይወጋኛል ያለው ለእኔ ብቻ ነው» አለች። «ሌላ ማን አለው? እኔስ ከእሱ ሌላ አብሮኝ ምሳ የሚቀመጥ ማን አለኝ? ሥልጠናው ሲቀር፣ እሱ ሥራ ባልገባበት ቀን ብቻዬን ተለማመድኩ። መሐል ላይ ደንበኛ ጠራኝና እውነተኛውን ልጥፍ መልሼ ሳልሰካ መሣሪያውን ዘጋሁት።»

«ዛሬ ሲለጠፍስ አላዩትም?»

«እጄ ደረቱ ላይ፣ ዓይኔ ፊቱ ላይ ነበር።»

«ይኸው፣ ገዳዩ ታወቀ» አለ ኃላፊው። የጽዳት ሠራተኛው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጩኸቱን የሰማው ማን ነበር ብሎ ተነሳበት፤ ጭቅጭቁም እንደ አዲስ ተያያዘ። መርማሪው አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ አስከሬን የሚያነሳ መኪና በስልክ ይጠራ ነበር።

ትኬት ቆራጯ ሹራቧን ደረበች። በውኃው ጠርዝ እስከ በሩ ሄደች፤ ወጣች።

«የለውም» አለ መርማሪው በስልኩ። «አይ፣ ዘመድ የሚባል የለውም።»