ለመርዶ የማይበቃ ቃል

በአዲሱ የእንግሊዝኛ ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲባሉ ደርቤ ብድግ ብሎ፣ የሒሳብ መምህራቸው አንድ ቀን ሲስቁ መታየታቸው «አንላይክሊ» ነው ሲል ክፍሉ በሙሉ ከት ብሎ ሳቀ። ሰገነት ብቻ አልሳቀችም። እጇን አውጥታ የቃሉን ትርጉም የጠየቀችው እሷ ነበረች፤ ለምን እንደጠየቀች ግን ለማንም አልተናገረችም።

የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ መምህር ትእዛዙ፣ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ናቸው። ቃል ማብራራት ይወዳሉ።

«አይሆንም ማለት አይደለም» አሉ። «ሊሆን ይችላል፤ ግን ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ነገ ሰቆጣ ላይ ይዘንባል ብላችሁ በዚህ በጥር ዣንጥላ ይዛችሁ ትወጣላችሁ?»

ማንም አይወጣም። ሌሎቹ ተራ በተራ እየተነሱ በኳሱም በፈተናውም ሙድ ሲይዙ፣ የሰገነት ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ተሠርቶ አልቋል። የሠራችላት ቅዳሜ ዕለት ከጅቡቲ የደወለች የእርዳታ ሠራተኛ ናት። ወንድሟ ምስጋናው ከአገሩ ልጆች ጋር ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የተሳፈረበት ጀልባ ሰምጧል። ከተረፉት መሃል የለም፤ ከተገኙት አስከሬኖች መሃልም የለም። በሕይወት መኖሩ «አንላይክሊ» ነው አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ፤ ከዚያ ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ዘጋች። የሰገነት እናት ያን ጊዜ ገበያ ነበረች።

ሰገነት ለብቻዋ መሸከሙ ስለከበዳት ለአጎቷ ለአቶ አሥራተ ማርያም ነገረቻቸው። እሳቸውም ሽማግሌ ማሰባሰብ ጀመሩ። መርዶ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ነገ ጠዋት ሊሄዱ ቆርጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ስለቀራቸው ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቋት።

«እንግሊዝኛውን የሰማሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «ሞቷል በይኝና ይለይልኝ።»

«ሞቷል አላለችም፣ አጎቴ። ይኖራል ተብሎ አይጠበቅም ነው ያለችው።»

«ይህን ይዤ እንዴት መርዶ እነግራለሁ? ሰው ደረቱን የሚመታው ሞቷል ሲባል ነው። ካልተባለ እናትሽ ዕድሜ ልኳን በር በሩን እያየች ትቀራለች። እንዲያ ይሻላል?»

አልተቆጡም፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። የልጆቹ አባት ከሞተ ወዲህ ምስጋናውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰገነት ተናደደች። የተናደደችው በአጎቷ አይደለም፤ ይህን የመሰለ ቃል በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጆሮ ላይ ጥላ በዘጋችው ሴትዮ ነው። ቁርጡን ብትናገር ምን ነበረበት? አሁን «ሞቷል» ብትል ሁሉም ያርፋል፤ ወንድሟን የገደለችው ግን እሷ ትሆናለች። ዝም ብትል ደግሞ እናቷ ሳታውቅ ትጠብቃለች። አጎቷን እስከ ማታ እንዲታገሷት ለምና ወደ ቤት ሄደች።

ግቢ ውስጥ እናቷ የሺመቤት ገብስ ታበጥራለች። ሰገነት አጠገቧ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጀልባውን፣ የተረፉትን፣ እሱ ከየትኛውም ወገን አለመገኘቱን፣ አጎቷና ሽማግሌዎቹ ነገ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ መሆኑን። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ በልጅ አፍ አይነገርም። የሴትዮዋን ቃል መጨረሻ ላይ አመጣችው። ሳታከብደውም ሳታቀለውም እንደተባለ ነገረቻት።

የሺመቤት ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረችው።

«ታዲያ ላልቅስ ወይስ አላልቅስ?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

እናቷ መሬት ላይ የተበተነውን ገብስ አንድ በአንድ ለቀመች።

«እንግዲያው ነገ አይምጡብኝ በያቸው» አለች በመጨረሻ። «ሞቷል ላልተባለ ልጅ ድንኳን አልተክልም።»

ሰገነት ሄዳ ለአጎቷ ነገረቻቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ። ቤት ስትመለስ እናቷ ጓዳ ገብታ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ ታለቅሳለች። ጎረቤት ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ሞቷል ማለት ነው። ሰገነት በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሌላኛውን የነጠላ ጫፍ ሳበች፤ እንደሷ አፏን አፍና ማልቀስ ጀመረች።